ሐሙስ ያረፈው ወንጌላዊ

በሌላ በሌላው ልታሙኝ ትችላላችሁ፤ በደብዳቤ አጻጻፍ ግን አልታማም። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። «ጉዳዩ» ብዬ ጀምሬ «ግልባጭ» ብዬ የጨረስኳቸው ወረቀቶች ቢነጠፉ ከቢሮዬ ተነሥተው ሰንጋ ተራ ካለው ቤቴ ደጃፍ ያደርሱኛል፤ ጭቃም አይነካኝም። ባለቤቴን ሳጫት የጻፍኩላት የመጀመሪያ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ነበረው። እሷም «በቁጥር አንድ የጻፍከው ደርሶኛል፤ ጉዳዩ እየታየ ነው» ብላ መለሰችልኝ። እንዲህ ያለችን ሴት ሳያገቡ መቅረት ሞኝነት ነው፤ አገባኋት።

ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም። ትንሽ ልኩራራ ብዬም ነው። ዋናው ምክንያት ግን፣ ያደረስኩትን ጥፋት ስትሰሙ «ምን ዓይነት ያልተማረ ሰው ነው» እንዳትሉኝ ነው። ያልተማርኩ ብሆንማ ያ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ታምሩ የሚባል ልጅ ወደ ደቡብ ጠረፍ ከላከች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ታምሩ የልደታ ልጅ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ ሰፈሩ ገና በጭቃ ቤት ተጨናንቆ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቱ እማማ ወርቄ ዛሬም ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ታምሩ ያለበት አገር መኪና አይገባም። ከመንደር መንደር በእግሩ እየዞረ ያስተምራል፣ ልጆች ያስነብባል፣ የታመመ ይጠይቃል። እዚህ ያለነው ደግሞ በየወሩ የአቅማችንን እናዋጣለን፣ እንጸልይለታለን። ቢያንስ እንዲህ ብለን ቃል ገብተናል።

ከዓይን የራቀ ግን ከልብ መራቁ አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ታምሩ ሲጸለይ እንባ ይፈስ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስሙ ብቻ ተጠርቶ ይታለፍ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት አንድ አባት ተነሥተው «ወንድማችንን ታደሰን አስብ» ብለው ጸለዩ፤ እኛም አሜን አልን። መዋጮውም እንደ ጸሎቱ ሳሳ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጠሩንና «ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዜናውን ስለማይሰማ ነው የረሳው። ዜናው በየወሩ በደንብ ካልደረሰ ልጁን ከመስከረም በኋላ እዚያ ማቆየት አንችልም፤ እንጠራዋለን» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛውን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ቆመ።

ከእኔ ጋር ሊያ ተመረጠች። ሊያ አንድ ማስታወቂያ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ጽሑፍና ሥዕል የምታቀናብር ወጣት ናት።

«ኒውስሌተር ነው የሚባለው ጋሼ» አለችኝ። «ዋናው ነገር ፎርማቱን መምረጥ ነው።»

«ፎርማትማ አለኝ» አልኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ፎርማት የተቀመጥኩ መሰላት እንዴ።

ፎርማቴ ይኸው ነበር። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ «ለተከበራችሁ አጋሮቻችን፣ በያላችሁበት»፣ ቀጥሎ ከሥሩ የተሰመረበት «ጉዳዩ፦ አገልግሎት ስለ ማስፋፋት ይመለከታል»። ለማለት የፈለግሁት ታምሩ ወንዝ ተሻግሮ አንድ አዲስ መንደር መድረሱን ነው። አባዛነውና፣ አብዛኛው ደጋፊ የሚኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ፣ በየበሩ ሥር አስገባነው። አንዳንድ በር ሳንሳሳት አልቀረንም። በማግስቱ ምድር ላይ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ ወረቀቱን ይዘው ወረዳ ሄዱና «በረንዳዬን ልታፈርሱ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከራሳችን ደጋፊዎች አንዱ ደግሞ ከአንደኛው ገጽ አላለፉም፤ «ከወንዙ ማዶ» የሚለውን ሲያዩ የመዛወሪያ ትእዛዝ መስሏቸው ዕቃ ማሰር ጀመሩ።

ሊያ አልሳቀችብኝም። «ጋሼ፣ ማኅተሙ ነው ያስፈራቸው» ብቻ ነው ያለችው። ማኅተም ማድረጌን አልነገርኳችሁም ነበር፤ አሁን ነገርኳችሁ።

ተራው የሊያ ሆነ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተች። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራዋ ሲያምር ሳይ ቀንቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ የታምሩን ፎቶ አይቶ «አሜን» አለ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው «መልካም ቀን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጽጌረዳ ላከ። ጽጌረዳ ደግሞ ብቻዋን አትበቅልም፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ግሩፑ የአበባ እርሻ ሆነ። በአበባው መሐል የሚከራይ ስቱዲዮ፣ ያልተነካካ የገጠር ቅቤ፣ የጠፋ መታወቂያ መጣ። ታምሩ ስንት ሰዓት በእግሩ ሄዶ፣ ኢንተርኔት የሚሠራበት ደርሶ፣ መጽሐፍ የተጫነች አህያ ፎቶ ላከልን። «ይህች አህያ ባትኖር መጻሕፍቱ ወንዙን አይሻገሩም ነበር፤ ጸልዩልን» ይላል ከሥሩ። ሁለት ደቂቃ አልቆየም፣ ከደጋፊዎቻችን አንዱ «የመጨረሻ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ጻፈለት። ታምሩ ትሑት ልጅ ስለሆነ «የኔ አይደለችም፣ ተውሼ ነው» ብሎ መለሰ።

በዚያ ላይ ከደጋፊዎቻችን ግማሾቹ የያዙት ቁልፍ ያለውን አሮጌውን ስልክ ነው። በጸሎት የሚበረቱትም እነሱ ናቸው። ስልክና ጸሎት የሚጣሉበት ምክንያት ምን እንደሆነ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ብቻ ሊያ አሰበችበትና «አጭር የጽሑፍ መልእክት እንላክ። ለሁሉም ስልክ ይደርሳል። ግን በአማርኛ ሰባ ፊደል ነው የሚይዘው፤ ካለፈ ይቆራረጣል» አለችኝ።

ሰባ ፊደል። እኔ በሰባ ፊደል የመሥሪያ ቤቴን ሙሉ ስም እንኳ አልጨርስም።

በዚያው ሰሞን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ታምሩ በወረዳው ከተማ ሲያልፍ ረጅም መልእክት ላከልን። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከመንደር መንደር ሲዞር ከርሞ እግሩ ቆስሏል። አሁን ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ እየገባ ነው፤ ጥቂት ቀን ሊያርፍ አስቧል። ሚስቱ ደግሞ የመውለጃ ወራቷ ስለገባ በጸሎት እንድናስባት ይለምናል። ይህን ሁሉ ነው ሰባ ፊደል ውስጥ የማስገባው። ዓርብ ከምሳ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ወደ ጎን ብዬ ስቆርጥ፣ ስቀጥል፣ ስቆርጥ፣ በመጨረሻ ይህችን አወጣሁ፦

«ወንጌላዊ ታምሩ ከብዙ ድካም በኋላ ሐሙስ በሰላም አረፈ። ቤተሰቡን በጸሎት አስቡ።»

ቆጠርኳት። ከሰባ በታች ናት፤ እንዲያውም ቦታ ተርፎኛል። እንዲህ ያለ እጥር ምጥን ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሊያ ሥራ ላይ ስለነበረች እሷን ሳላሳይ፣ ከራሴ ስልክ ለሁሉም ላክሁ።

መልሱ ወዲያው ይጎርፍ ጀመር። በማኅተም ስጽፍ አንድ ሰው እንኳ አልመለሰልኝም ነበር፤ አሁን ስልኬ ከኪሴ አልገባ አለ። «ጌታ ያጽናችሁ።» «እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ።» «ቃል የለኝም።» ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ እያነበብኩ አሰማኋት።

«ለምንድን ነው ሁሉም ያጽናችሁ የሚሉት?» አለችኝ።

«ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለገባቸው ነዋ» አልኳት። ልቤ ሞልቶ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አቶ ሽፈራው ደወሉ። አቶ ሽፈራው የልደታ ኮንዶሚኒየም እድር ዳኛ ናቸው፤ የታምሩም ደጋፊ ናቸው። ሥራ የማያሳድሩ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። «ድንኳን ተክለናል፤ ቶሎ ድረስ፤ አነጋገር የምታውቀው አንተ ነህ» ብለው ዘጉት። ማን እንደሞተ የምጠይቅበት ፋታ አልሰጡኝም። ለለቅሶ የምትሆነኝን ጥቁር ኮት ደርቤ ከሰንጋ ተራ ቁልቁል ወረድኩ።

ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ቆሟል፤ አግዳሚው ተደርድሮ ሰው ሞልቷል። ፊት ለፊት እማማ ወርቄ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ያለቅሳሉ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ማን ነው?» አልኳቸው በቀስታ።

«እኔም አላወቅሁትም ልጄ። ድንኳን ሲተክሉ በመስኮት አይቼ ነው የወረድኩት። ሩቅ አገር ያለ የሰው ልጅ ነው አሉኝ። እናቱ ገና አልሰማችም ይላሉ» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። «እሷን እያሰብኩ ነው የማለቅሰው።»

ይህን ሲሉ በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሁሉ ባንድ ላይ ተንሰቀሰቁ። ምን ያህል የሚራራ ሰፈር ነው ብዬ እኔም ዓይኔ እንባ አዘለ።

አቶ ሽፈራው ክንዴን ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዱኝ። «መርዶውን አንተ ነህ የምትነግራቸው» አሉኝ። «ለማን?» አልኩ። «ለእማማ ወርቄ ነዋ። ታምሩ እኮ ነው።»

ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ያ ልጅ ትንሽ ሳለ ኳሱ ቢሮአችን መስኮት ውስጥ ስትገባ እየመጣ «ጋሼ ይቅርታ» ይለኝ የነበረው በዓይኔ ላይ መጣብኝ። ትንሽ በረድ ሲልልኝ «እንዴት ሰማችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። አቶ ሽፈራው ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። አነበብኩት። መጀመሪያ የታየኝ የአጻጻፉ ጥራት ነው። ማን ይሆን እንዲህ እጥር ምጥን አድርጎ የጻፈው ብዬ አደነቅሁ። ከዚያ የላኪውን ቁጥር አየሁ።

«አቶ ሽፈራው» አልኩ፣ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታምሩ አልሞተም።»

«በሰላም አረፈ ነው እኮ የሚለው።»

«አዎ፣ በሰላም። ቤቱ ገብቶ አረፈ ማለቴ ነው።»

«ከብዙ ድካም በኋላ ይላል።»

«በእግሩ ሲዞር ከርሞ ነዋ። እግሩም ቆስሎ ነበር።»

«በቁስሉ ነው እንዴ የሞተው?»

«አቶ ሽፈራው፣ አልሞተም።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሐዘን ሲከብድ ሰው እንዲህ ይላል። እኔም ወንድሜ የሞተ ጊዜ ብያለሁ» አሉኝ። እንግዲህ ማስረጃ ማቅረብ ነበረብኝ። ወደ ድንኳኑ ተመልሼ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ስልኬን ስፒከር ላይ አድርጌ ወደ ታምሩ ደወልኩ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለች። ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ።

እማማ ወርቄ ቀና አሉ። «ለማን ነው የምትደውለው?»

ከዚህ ወዲያ መሸሻ አልነበረኝም። ፊታቸው ተንበረከክሁና «እማማ፣ ታምሩ አልሞተም» አልኳቸው።

«ማን ሞተ አለ?» አሉኝ።

እማማ ወርቄ የሰዉን ፊት አንድ ባንድ አዩት። ያዩት ሁሉ አቀረቀረ። ነጠላቸውን ቀስ ብለው ከትከሻቸው አወረዱ። «አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው፤ እያንዳንዱን ቃል ምን ማለቴ እንደነበር እየዘረዘርኩ አስረዳኋቸው። ሰባ ያልሞላው ፊደል ሩብ ሰዓት ፈጀ።

«መዝገብ ቤት ስንት ዓመት ሠራሁ አልከኝ?» አሉ ስጨርስ።

«ሃያ ስድስት፣ እማማ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከጉያቸው በመሐረብ የተቋጠረ ቁልፍ ያለው ስልክ አወጡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ታምሩ የትም ይሁን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደውልልኛል። አንድም ቅዳሜ ዘልሎብኝ አያውቅም። እንጠብቃለን» አሉ።

ጠበቅን። በቁና የቀረበውን ንፍሮ የሚነካው ጠፋ። ሊያ በሩጫ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ነገሩን በሹክሹክታ ስነግራት እጄን ያዘችኝ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጭጭ አለ። ሦስት ከሩብ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ፍርሃት የገባኝ። ሐሙስ ደህና እንደነበር አውቃለሁ፤ ከሐሙስ ወዲህ ግን ሁለት ቀን አለ። ወንዝ አለ፣ የቆሰለ እግር አለ። እኔ በስሕተት የጻፍኩት እውነት ቢሆንስ? እግዚአብሔር ፊት ብዙ ነገር ተሳልኩ፤ ከነዚህ አንዱ ዳግመኛ ብዕር አለመያዝ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እማማ ወርቄ ነጠላቸውን መልሰው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ስልኩ ጮኸ።

እማማ ከጥድፊያቸው የተነሣ ቁልፉን ሳቱት፤ ሊያ ነች አንሥታ ስፒከር ላይ ያደረገችላቸው። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ተሰማ። ከዚያ «እማዬ፣ ዘገየሁብሽ» የሚል ድምፅ መጣ። የታምሩ ድምፅ ነው።

እማማ ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምንም አይደል» አሉ።

«የት ነሽ? የሰው ድምፅ ይሰማኛል።»

«ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«የማን?»

«ያንተ።»

«ሰው በደንብ መጣ?» አለ ታምሩ።

«ሞልቷል» አሉ እማማ፤ ያን ጊዜ ነው የሳቁት። ድንኳኑም አብሯቸው ሳቀ። የሚስቀውና የሚያለቅሰው አልለይ አለ። ታምሩ ግን ሌላ የሚናገረው ነበረው። የዘገየው ሚስቱ ንጋት ላይ ምጥ ይዟት ነው። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናቲቱም ሕፃኗም ደህና ናቸው። እማማ ወርቄ ተነሥተው ቆሙና በዚያ በለቅሶ ድንኳን መሐል እልል አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አቶ ሽፈራው «በእድሩ ደንብ መሠረት ድንኳኑ ለሐዘን እንጂ» ብለው ጀመሩና የሰዉን ፊት አይተው ተዉት። «እስከ ስድስት ሰዓት ይቆይ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ስለ መንደሩ ጠየቀ፣ አንዷ ስለ አራሷ፣ የአህያዋን ዋጋ የጠየቀው ሰውዬ ደግሞ ስለ አህያዋ ጤንነት። ታምሩን ታደሰ ብለው የጸለዩት አባትም ስሙን አስተካክለው ጠርተው መረቁት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሊያ የደጋፊዎቹን ዝርዝር አውጥታ ከላይ እስከ ታች ታይ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «የእማማ ስም የለም።»

እውነትም የለም። ዜናው በምን መልክ ይድረስ ብለን ስንማስን የከረምነው ሰዎች፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዜናው የሚደርሳቸውን ሴት አንድ ቀን ደረጃውን ወጥተን አልጠየቅናቸውም።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባው ፎርማቱን መረጠ። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት፣ እማማ ወርቄ ቤት። ሰብሳቢያችን ታምሩን ስለ መጥራት ደግመው አላነሡም። እኔ በድምፅ ብልጫ ከጸሐፊነት ተነሥቼ ወንበር ደርዳሪ ሆንኩ፤ ያለ ሐሰት፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ያገኘሁት ትልቁ ሹመት ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰብሳቢያችን ለታምሩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አዘጋጅተው መጥተው ነበር። ስልኩ ሲጮኽ ግን እማማ ለማንም አልሰጡም። «ትናንት ራትህን ምን በላህ?» አሉት። ታምሩ የበቆሎ ገንፎ መብላቱን ተናገረ። «ማን አገነፋው?» አሉት። የጎረቤቱ ሚስት ናት አለ። የጎረቤቱ ስም ሲነሣ ሌላ ነገር ተከተለ። ሰውዬው ታምሩ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ በድንጋይ ያባረረው ነው። ሚስቱ ስትታመም ታምሩ ሌሊት በቃሬዛ አሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ዛሬ ያ ሰውዬ የታምሩን ሕፃን ሊያይ በየማለዳው ወተት ይዞ ይመጣል፤ ከበሩ አልፎ ግን ገና አይገባም፣ ያፍራል። ይህን ታምሩ በሦስት ዓመት ሪፖርቱ አንድም ጊዜ አልጻፈውም። ሰብሳቢያችን የጥያቄ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ባትሪው ሲያልቅ እማማ ስልኩን በመሐረባቸው ቋጥረው ወደ ጉያቸው መለሱና ተነሡ።

«በሉ፣ ሰማችሁ አይደል» አሉን፣ በሩን እየከፈቱ። «ሂዱና ንገሩ።»

ወጣን። እኔ ገና ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ጎረቤታቸው ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና፣ ወንበሩን እንደ ተሸከምኩ ቆሜ፣ ስለዚያ ስለሚያፍረው ሰውዬ ነገርኳት።